«አይቻልም» ሲባል የማይቻለው የቱ እንደሆነ አብሮ ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በደሴና በዙሪያዋ ክራርና ማሲንቆ የምናስተምር፣ የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁንም የምናነብ ባለሙያዎች ነን። ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ለጀማሪዎች በየቦታው የሚነገር፣ አልፎ አልፎም በጋዜጣ ላይ የሚወጣ አንድ አባባል ነው። «በስድስት ክር ይህ አይቻልም»፣ «ይህን ቅኝት ተሰጥኦ የሌለው ሊጫወተው አይችልም»፣ «ከአንድ የፈረስ ጭራ ከዚህ በላይ አይጠበቅም» ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፈጽሞ እውነት አይደለም። የትኛው የቱ እንደሆነ ግን ጣት አጥፎ በመቁጠር ብቻ ሊለይ ይችላል። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ድርድሮች) ስማቸውን የያዙት ከወሎ ቦታዎች ነው። በዚሁ አገር ተማሪዎች እውነተኛውን «አይቻልም» ከሐሰተኛው ሳይለዩ ክራራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሲቀሩ ማየት ያሳዝነናል።

ከክሩ እንጀምር። አሁን ብዙው ክራር የሚወጠረው በናይለን ክር፣ በተለይም በዓሣ ማጥመጃው ነው። ለዝቅተኞቹ ድምፆች 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ለከፍተኞቹ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይስማማል። ተማሪው ከዘፋኝ ድምፅ ጋር ልግጠም ብሎ ከፍተኛውን ክር ሲያጠብቀው ይበጠስበታል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወፍራም ክር አድርግበት»። ወፍራሙም እዚያው ድምፅ አካባቢ ሲደርስ ይበጠሳል። ክር በወፈረ ቁጥር የመሸከም አቅሙ ይጨምራል፤ ነገር ግን ክብደቱም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት የሚጠይቀው ውጥረት አብሮ ያድጋል። ያተረፈውን በዚያው ያጣዋል ማለት ነው። አንድ ዓይነት ናይለን በአንድ ርዝመት ላይ ከዚያ የማያልፈው የመጨረሻ ድምፅ አለው፤ ውፍረት ያንን አይለውጠውም። ይህ እውነተኛ አይቻልም ነው፤ ከዕቃው የመጣ ነው፣ ልመናም ልምምድም አይሰማም።

የሚቻለው ሌላ ነው። ከብርኩማው (ክሮቹን በቆዳው ላይ ደግፎ ከሚይዘው እንጨት) እስከ ቀንበሩ (ክሮቹ ከላይ እስከሚጠመጠሙበት አግዳሚ) ያለው ክር 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ወደ 45 ቢያጥር፣ ውጥረቱ ሳይጨምር ወደ አንድ ሙሉ ድምፅ የሚጠጋ ከፍታ ይገኛል። ነገር ግን ብርኩማውን ወደ ቀንበሩ በመግፋት ብቻ ይህን አገኛለሁ የሚል ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ብርኩማው ከቆዳው መሀል ርቆ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ቆዳው እንደ ልቡ ስለማይርገበገብ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ለቀጭን ድምፅ ዘፋኝ አጠር ያለ ክራር ማሠራት፣ ያ ካልተቻለ ስድስቱንም ክር በእኩል አውርዶ ዘፋኙ ወደ ክራሩ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ምንም ወጪ የለውም። ብዙ ዘፋኞች ግን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ አይደለም።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንለፍ፤ ዋናው ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። ክሮቹን ከዝቅተኛው ድምፅ ወደ ከፍተኛው ከ1 እስከ 6 እንቁጠራቸው። 6ኛው የ1ኛው እጥፍ፣ ማለትም የላይኛው ዶ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ትዝታ ማይነር ደግሞ ሚና ላ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። የዶው ከፍታ እንደ ዘፋኙ ይለያያል፤ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ያው ነው።

ለጀማሪ የሚነገረው «በትዝታ የተቃኘ ክራር መቃኛው ሳይነካ አምባሰል አይጫወትም» የሚል ነው። እስቲ ርቀቶቹን በግማሽ ድምፅ እንቁጠር፤ ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ትዝታ ማይነር ከዶ ተነስቶ እስከ ላይኛው ዶ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ይራመዳል። አምባሰል ደግሞ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። የትዝታ ማይነሩን ቆጠራ ከዶ ሳይሆን ከሶል ብንጀምረውስ? ከሶል እስከ ላ ፍላት 1፣ እስከ ዶ 4፣ እስከ ሬ 2፣ እስከ ሚ ፍላት 1፣ እስከ ሶል 4። ይህ ራሱ አምባሰል ነው። በትዝታ ማይነር የተቃኘ ክራር አምባሰልን በሆዱ ይዞ ነው የሚውለው። የሚለወጠው መቃኛው ሳይሆን ማረፊያው፣ ማለትም ሐረጉ የሚዘጋበት ድምፅ ነው፤ በ1ኛው ክር ማረፍ ትቶ በ4ኛው ማረፍ። በተመሳሳይ መንገድ ትዝታ ሜጀር ከ5ኛው ክር፣ ከላ ተነስቶ ሲቆጠር 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2 ይሰጣል፤ ይህም ባቲ ማይነር ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ሞክሮ ይከሽፍበታል፤ «ይኸው፣ አይቻልም ብዬ አልነበረም?» ይላል። የከሸፈበት ምክንያት ግን ቅኝቱ አይደለም። ጣቱ ለምዶ ሐረጉን ሁሉ በዶ ይዘጋል፤ ዶ በክራሩ ላይ ሁለት ቦታ፣ በ1ኛውና በ6ኛው ስላለ ጆሮም እሱን ቤቱ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ለማስለቀቅ ለተወሰነ ጊዜ ሐረጉን በሙሉ ከ5ኛው ወደ 4ኛው ክር በመውረድ መዝጋት ያስፈልጋል። ከላ ፍላት ወደ ሶል የሚወርደው ይህ ግማሽ ድምፅ የአምባሰል ፊርማ ነው፤ ከማረፊያው በላይ ያለው የመጀመሪያው ድምፅ በግማሽ ብቻ የሚርቅ መሆኑ አምባሰልን ከትዝታ ይለየዋል። በግርፍ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ እየገረፈ የሚጫወት ደግሞ የግራ እጁን ልማድ ማረም አለበት። በግርፍ ጊዜ የማይፈለጉት ክሮች በግራ ጣቶች ታፍነው የሚፈለገው ብቻ ይለቀቃል። የትዝታ ልማድ ያለው እጅ 1ኛውንና 6ኛውን ሳያስበው ይለቅቃቸዋል፤ ዶ ባልተጠራበት ይገባና አምባሰሉን ያፈርሰዋል። እነዚያን ሁለት ክሮች አፍኖ መለማመድ ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ከተሠራ እጁ ይገራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ገደብ ግን እውነተኛ ነው፤ ልንደብቀው አንፈልግም። ማረፊያው 4ኛው ክር ሲሆን ከእሱ በላይ የሚቀሩት ሁለት ክሮች ብቻ ናቸው። ከማረፊያው ጀምሮ እስከ አራተኛው ድምፅ የሚወጣ ዜማ እዚያ ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል። የሚያስፈልገው የላይኛው ሬ ነው፤ ሬ ያለው ግን ታች በ2ኛው ክር ላይ ነው። ሬን ታች መምታት ይቻላል፤ ዜማው ግን በመሀሉ ይታጠፋል፤ ወደ ላይ ይሄድ የነበረው በድንገት ይወርዳል። አንዳንድ ዘፈን ይህን ይቀበላል፣ እንዲያውም ያምርበታል። አንዳንዱ ይበላሻል። የታጠፈው ድምፅ የስንኙ መጨረሻ ላይ ከዋለ ይበላሻል፤ መሀል ላይ ከዋለ ብዙ ጊዜ ያምራል። ሌላው መንገድ ከፍታውን ለዘፋኙ መተው ነው፤ ድምፁ ሲወጣ ክራሩ በሶል ላይ እየደጋገመ ይጠብቀዋል። የክራር አጃቢዎች ከዘፋኙ ሥር አንድ ድምፅ ይዘው የሚቆዩበት ዘዴ ለዚህ ችግር ጥሩ መልስ ነው።

አንቺ ሆዬስ? እዚህ ላይ «አይቻልም» የሚሉት ልክ ናቸው፤ ለምን ልክ እንደሆኑ ግን ሊያውቁት ይገባል። የአንቺ ሆዬ ርቀት 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ነው። ሁለት 3 ጎን ለጎን ቆመዋል። ትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3፤ ባቲ ሜጀር 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ነው፤ ትዝታ ማይነርንና አምባሰልን ከላይ ቆጥረናቸዋል። ከየትኛውም ክር ተነስታችሁ ብታሽከረክሯቸው ሁለት 3 ጎን ለጎን አታገኙም። ስለዚህ ከእነዚህ በአንዱ በተቃኘ ክራር ላይ ማረፊያ በመቀየር ብቻ አንቺ ሆዬ አይወጣም፤ መቃኛው መነካት አለበት። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ያልሆነውን ፍለጋ ወራት አያባክንም፣ ጆሮዬ ደካማ ነው ብሎም ራሱን አይወቅስም።

በመድረክ መሀል ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መቃኘትም «ጊዜ አይበቃም፣ አይቻልም» የሚባልበት ነገር ነው። ከትዝታ ማይነር በዚያው ዶ ወደ አምባሰል ለመሄድ የሚነኩት ሁለት ክሮች ናቸው፤ 2ኛው በግማሽ ዝቅ፣ 3ኛው በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ይላሉ። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬም ሁለት ናቸው፤ 4ኛው በግማሽ ዝቅ፣ 5ኛው በግማሽ ከፍ። ስለዚህ የዝግጅቱ ተራ ትዝታ ማይነር፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ተብሎ ከተደረደረ በየመሀሉ ሁለት ሁለት መቃኛ ብቻ ይዞራል፤ አስተዋዋቂው ሁለት ዓረፍተ ነገር እስኪናገር ይደርሳል። ከትዝታ ሜጀር በቀጥታ ወደ አንቺ ሆዬ የሚዘል ግን 2ኛውን፣ 3ኛውንና 4ኛውን ሊነካ ነው፤ ጭብጨባው አልቆ አዳራሹ ጸጥ ሲል እሱ ገና ይቃኛል። የዘፈኑ ተራ በጭፈራው ሙቀት ብቻ ሳይሆን በክሩም መወሰን አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ሲቃኙ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ክር ወደ ታች ሲወርድ በመጠምጠሚያው ላይ ውጥረት ይዞ ይቀርና ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ይለቀቃል፤ ድምፁም ሳይታሰብ ይወርዳል። ስለዚህ ከሚፈለገው በታች አልፎ ማውረድ፣ ከዚያ ወደ ላይ እያጠበቁ መድረስ ይሻላል። ሁለተኛው፣ አንድ ክር ሲጠብቅ ቀንበሩና ቆዳው በጥቂቱ ስለሚሸሹ ሌሎቹ ክሮች ትንሽ ይረግባሉ። የመጨረሻው ሥራ 1ኛውንና 6ኛውን አብሮ መትቶ መስማት ነው፤ እነሱ ካልተስማሙ ሌላውን መነካካት ከንቱ ነው።

የስልክ መቃኛም ዳኛ እየሆነ መጥቷል። መርፌው ቀይ ላይ ስለቆመ ብቻ የሽማግሌውን ክራር «የተሳሳተ» የሚል ወጣት አለ። መተግበሪያው የሚለካው ኦክታቩን (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን ርቀት) በአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ነው፤ የቆዩት ተጫዋቾች ጆሮ በዚህ ክፍፍል አልተቀረጸም። ለጀማሪ እንደ መነሻ ይጠቅማል፤ ከባለሙያ ጆሮ ጋር ሲጋጭ ግን የሚቀየረው ስልኩ ነው።

የአየሩ ነገር በወሎ ለብቻው መነሳት ያለበት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለቆዳ ግን ሁለት አገር ነው። በሐምሌ ጉም ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይረግባል፤ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ይደነዝዛልም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ይደርቅና ይወጠራል፤ ክሮቹ ከፍ ይላሉ። «የደሴ ክራር ቆላ ላይ አይሠራም» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ይመስለናል። ይሠራል። እንደ ደረሱ ከሣጥኑ አውጥቶ በጥላ ሥር አየር እንዲላመድ ግማሽ ሰዓት መተው፣ ከዚያ መቃኘት ነው፤ ደሴ ላይ ቃኝቶ መሄድ ድካም ብቻ ነው። በጉም ጊዜ ከፍም አጠገብ ክንድ ያህል አርቆ ማሞቅ ይረዳል። ከዚያ የቀረበ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። አዲስ ቆዳ የሚወጥርም በጥላ ያድርቅ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጠርዙ ቀድሞ ይጨማደድና መሀሉ ላይ ውጥረቱ እኩል አይሆንም።

ማሲንቆ ላይ የሚነገረው «አንድ ክር ነው፣ ምን ይጠበቃል» የሚል ነው። ክራር የማይችለውን የሚችለው ግን ማሲንቆ ነው። ክሩ ከጣት ሥር ጣውላ የለውም፤ ጣት የነካበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ነው። ባዶው ክርና አራቱ ጣቶች ተደምረው አምስት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ቅኝቶቻችንም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር የሚነካ መቃኛ የለም፣ ሁለት ጣት በጥቂቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ። ማሲንቆ የማይችለው ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ማሰማትን ነው፤ ያንን ቦታ የተጫዋቹ ጉሮሮ ይሞላዋል። ደጋኑ ቢንሸራተትና ድምፅ አልሰጥ ቢል ጭራው ሙጫ ጎድሎታል ማለት ነው፤ በእጅ የተነካካና ላብ የጠጣ ጭራም እንዲሁ ያደርጋል።

የአዝማሪው ግጥምም እንደ ተአምር ይወራል። «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ስንኝ ደግሞ ማዜምና ወዲያው የራሱን መጨመር በእርግጥ ከባድ ነው፤ ነገር ግን አሠራር አለው። ስንኙ ሁለት ጊዜ የሚዜመው ለአድማጩ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው ዙር አፉ የተናገረውን ሲደግም ሐሳቡ ቀጣዩን እየፈለገ ነው። የሚፈለገውም ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የሁለተኛው ስንኝ መድረሻ ቃል ይያዛል፤ ከዚያ ከእሱ ጋር ቤት የሚመታ ቀለል ያለ ቃል ለመጀመሪያው ስንኝ ይመረጣል። ለማሳያ ያዘጋጀነው ይኸው፦

የደሴ ጉም አይቶ የረገበው ቆዳ፣
የኮምቦልቻ ፀሐይ ሆነችው እንግዳ።

ቀድሞ የተያዘው «እንግዳ» ነው፤ «ቆዳ» ኋላ የመጣ ነው። ስንኙ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ ስድስት ስድስት ቀለም እየተከፈለ ነው የሚሄደው። ጀማሪ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ሲገጥም የመጀመሪያው ስንኝ ያምርለትና በሁለተኛው ላይ ቃል ያጥረዋል፤ ከዚያ «ተሰጥኦ የለኝም» ይላል። ያጣው ቅደም ተከተሉን ነው።

የሰሜን ወሎን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በተመለከተም አንድ ነገር ብንል ደስ ይለናል። የእምነቱን ለእምነቱ ትተን፣ የድንጋይ ሥራውን የሚጽፉ ጋዜጠኞች «ሊታመን የማይችል» ብለው እዚያ ላይ ባያቆሙ። አሥራ አንዱም ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ፈልፋይ አንድ እውነተኛ አይቻልም አለበት፤ የተነሣ ድንጋይ ተመልሶ አይገባም። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ያለውን ሥራ ከላይ ያየ ሰው የዚህን ውጤት ያያል። ዙሪያው ተቆፍሮ አለቱ ለብቻው ቀርቷል፣ ጣሪያውና መስቀሉ የዚያው አለት ገጽ ነው፣ ዓምድና ቅስት የሚሆነው ቦታ ሳይነካ የቀረው ነው። ለግንበኛ ጣሪያ የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ለፈልፋይ የመጀመሪያው። ይህን ለአንባቢ ማስረዳት አድናቆትን የሚቀንስ አይመስለንም።

ጥያቄያችን ቀላል ነው። ዓምዳችሁ ስለ ባህል ሙዚቃ ሲጽፍ ቅኝቱ የትኛው እንደሆነና ተጫዋቹ በየትኛው ክር ላይ እንደሚያርፍ አንድ መስመር ይጨምርልን። በየትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ ለምታሠለጥኑ ባልደረቦቻችን ደግሞ፣ ተማሪን «ይህ አይቻልም» ከማለታችሁ በፊት ክሩ ነው ወይስ እጁ ብላችሁ ቁጠሩለት። በመጀመሪያው ወር ከትዝታ ማይነር ሳይቃኝ ወደ አምባሰል እንዲገባ አሠሩት፤ ቀጥሎም ቃኝቶ አንቺ ሆዬን እንዲያወጣ። የሁለቱን ልዩነት በራሱ ጣት ካየ በኋላ የቀረውን ራሱ ይጠይቃችኋል። የስድስቱንም ቅኝት ርቀት በቁጥር የያዘ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ በባህል ገጻችሁ ለማተም ፈቃደኛ ከሆናችሁ እኛ አዘጋጅተን እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር
ክራርና ማሲንቆ አስተማሪዎች
ደሴ፣ ወሎ